የፒያሳው ሥራ አገናኝ እና የቀለብ ጉዳዬ

ልጄ የምትኖረው ከእናቷ ጋር ስለሆነ፣ ፍርድ ቤት የወሰነብኝን ቀለብ በየወሩ በ25ኛው ቀን በእናቷ የባንክ ሒሳብ አስገባለሁ። የምሠራበት የኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሲዘጋ ግን ሦስት ወር ያለ ደመወዝ ቆየሁ። ጠዋት ጠዋት አራት ኪሎ የሥራ ማስታወቂያ ከሚያነበው ሰው ጋር ተጋፍቼ ባዶ እጄን ስመለስ የቀለቡ ውዝፍ እየተጠራቀመ ሄደ፤ በመጨረሻ ወዳጄ ወደጠቆመኝ፣ ፒያሳ አካባቢ ወዳለ አንድ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ሄድኩ። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጽፍም።

የተቀበለችኝ ሠራተኛ የትምህርት ማስረጃዬን ሳታይ «የልጅ ቀለብ ይከፍላሉ? በስንት ቀን?» ስትል ጠየቀችኝ። ጥያቄው ደስ አላለኝም። ደብተሯን ሳይ ግን ነገሩ ገባኝ፤ ከእያንዳንዱ ቀጣሪ ስም ጎን ደመወዝ የሚከፈልበት ቀን በቀይ እስክሪብቶ ተጽፏል። ለሙያዬ የሚስማሙ ሁለት የቀን ሥራዎች ቢኖሩም፣ ገቢያቸው ቀን ቆጥሮ ለሚመጣ ቀለብ እንደማያስተማምን ገልጻ አለፈቻቸው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ማክሰኞ ማክሰኞ የሚመጡት የሕግ አማካሪ ምክር ነው። «ወንድሜ፣ ሥራ እስኪገኝ ብለህ ዝም አትበል» አሉኝ። በአዲስ አበባ የሚሠራበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ የቀለብ መጠን የተቀባዩን ፍላጎትና የሰጪውን አቅም ተመልክቶ እንደሚወሰን፣ ሁኔታው ሲለወጥም እንዲሻሻል ማመልከት እንደሚቻል አስረዱኝ፤ እኔ ግን ሦስቱን ወር በሐፍረት ተደብቄ አሳልፌያለሁ። ሥራ ካገኘሁ በኋላ አዲሱ ቀጣሪዬ ከደመወዜ ቀለብ መቁረጡን ሲያመነታ ደግሞ፣ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዜ አንድ ሦስተኛ እንደማይበልጥ ያስረዱት እሳቸው ናቸው።

ቅሬታዬ ሁለት ነው። በአንድ ሳምንት ይገኛል የተባለው ሥራ አምስት ሳምንት ፈጀ። ከመጀመሪያ ደመወዜም 20 በመቶ በአንድ ጊዜ ወሰዱብኝ፤ ውዝፍ ቀለብ ካለበት ሰው ላይ ይህን በሁለት ወር ከፋፍሎ መቀበል የሚከብድ አይመስለኝም። ደረሰኙንም ያገኘሁት ሦስት ጊዜ ጠይቄ ነው።

አሁን ካዛንቺስ ባለ አንድ ሆቴል የጥገና ክፍል እሠራለሁ፤ ደመወዜ በ22 ይገባል። ወደ ኤጀንሲው የምትሄዱ የፍርዱን ግልባጭና የነዋሪነት መታወቂያችሁን ይዛችሁ፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት ድረሱ። ሊፍቱ አይሠራም፤ ቢሮው አራተኛ ፎቅ ነው።