ግብሬን ከቱሉ ዲምቱ በረንዳ ላይ ሆኜ ከፈልኩ (ማለት ይቻላል)

ስሙኝማ፣ የኦንላይን ግብር እንዴት ነው እያለ ስንቱ ሲጠይቀኝ ስለሰለቸኝ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

አዲስ አበባ ዳር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ምድር ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ አለችኝ፣ አምፖል ሶኬት ምናምን። በ2016 ደረጃ ለ ነበርኩ (በዓመት ሽያጩ መካከለኛ የሚባለው ነጋዴ)፣ ስለዚህ ያኔ የኛ ጊዜ ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜ 5 ነበር፣ ክረምት በሉት፣ የሰፈሩን የሐምሌ ጭቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። በፊት ሱቄን ዘግቼ ሁለት ታክሲ ይዤ ግብር ቢሮ ሄጄ ግማሽ ቀን ሰልፍ፣ ተራዬ ሲደርስ ደግሞ ኮፒ ጎድሏል ተብዬ ስመለስ ነበር የምውለው። በ2016 ግን አቦ ይብቃ ብዬ በስልኬ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የገጠመኝ ጉድ የራሴ ጥፋት ነው። አካውንቱን ከዓመታት በፊት የከፈተልኝ ኮምፒውተር ቤት ይሰራ የነበረ ልጅ ነው፣ እኔም "ጨርስልኝ ብቻ" ብዬው ስለነበር የራሱን ስልክ ቁጥር አስገብቷል! ልግባ ስል የማረጋገጫ ኮዱ እሱ ጋ ይሄዳል፣ እሱ ደግሞ ሀዋሳ ሄዶ ሌላ ሥራ ይዟል፣ ስደውል አያነሳም። ኦንላይን ለመጠቀም በአካል መሄድ ግድ ሆነ ማለት ነው። የቲን (የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር) ሰርተፍኬትና ንግድ ፈቃድ ይዤ ሄጄ ቁጥሩን አስቀየርኩ፣ እሱስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

መሙላቱ በጣም አሪፍ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ሽያጭህን፣ የዕቃ መግዣውን፣ ኪራይና ደሞዝ ምናምኑን ታስገባለህ፣ ትርፉን ራሱ ያወጣል፣ ግብሩንም በየእርከኑ ያሰላዋል። ያኔ የመጀመሪያው 7,200 ብር ነፃ ነበር፣ 35 ፐርሰንቱ የሚመጣው ትርፍህ 130,800ን ሲያልፍ ካለፈው ላይ ብቻ ነበር፣ እኔ ደግሞ ዕድሜዬን ሙሉ ጠቅላላ ትርፌን በ35 አባዝቼ እየደነገጥኩ ነበር የምተኛው። አንድ ቦታ ግን ተጠንቀቁ፣ የዓመት ኪራይ 48,000 የሚለው ላይ ዜሮ ጨምሬ 480,000 አድርጌው ኪሳራ አሳየኝ፣ ለሁለት ደቂቃ ያህል ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሌላው፣ ሴቭ ሳታደርጉ ሻይ ለማፍላት ከተነሳችሁ አውጥቷችሁ ይጠብቃል፣ እንደገና ከሀ ትጀምራላችሁ። ኔትወርክ ደግሞ እኛ ቤት በረንዳው ጥግ ላይ ብቻ ነው ያለው፣ በዝናብ ጃንጥላ ይዤ ነው የሞላሁት።

ክፍያው ላይ ነው የተቃጠልኩት። ነሐሴ 24 በባንኬ አፕ ከፈልኩ (ስሙን አልጠራም)፣ ብሩ ወጣ፣ ግብሩ ግን አልተከፈለም እንዳለ ነው። ቅርንጫፉ ሄድኩ፣ "ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለስ"። ነገ ስመለስ ያው ሲስተም የለም። ብሩ በስድስተኛው ቀን ነው የተመለሰው፣ እስከዛ ከወንድሜ ተበድሬ በቴሌብር ከፈልኩ፣ በደቂቃ ውስጥ አለቀ፣ ሜሴጁም ወዲያው መጣ። ይሄ ጳጉሜ 4 ላይ ቢደርስብኝ ኖሮ ምን ልሆን ነበር? ቀኑ ካለፈ ካልተከፈለው ላይ ለመጀመሪያው ወር 5 ፐርሰንት፣ ከዛ በየወሩ 2 ፐርሰንት ይጨመራል፣ ያለማሳወቁ ቅጣት ደግሞ ለብቻው ነው። ለማንኛውም የከፈላችሁበትን ሜሴጅ ስክሪንሾት አድርጋችሁ ያዙ።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለሻይዋ ነው። ክሊራንሱ (የግብር ዕዳ የለብህም የሚለው ወረቀት) ለንግድ ፈቃድ እድሳት ስለሚያስፈልግ እሱንም ሳልረሳ ፕሪንት አስደርጌ አስቀመጥኩ።

አሁን የጎረቤት ነጋዴ ሁሉ ሙላልኝ እያለ ይመጣል። እሞላለሁ፣ ግን ስልኩ የራስህ ይሁን እላለሁ። ባለፈው ጉሊት ጀምረው አሁን ሱቅ የከፈቱ አንዲት እናት መጡና፣

"የኔን ተወው፣ የልጄን ቁጥር አስገባው።"

"ልጅዎ የት ነው ያለው እማማ?"

"ዱባይ።"