የአደጋ ማስጠንቀቂያ፦ የየራስ ፎርማት ወይስ ካፕ?

አንደኛው መንገድ እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት በገዛ ፎርማቱ ማስጠንቀቂያ መላኩ ነው። ለመጀመር ይቀላል። ጎርፍ ሲመጣ ግን ሜትዎሮሎጂ የጻፈውን ሬዲዮው እንደገና ይጽፋል፣ ቴሌኮሙም እንደገና፣ በመሃል ሰዓቱ ይነጉዳል፣ የቦታ ስም ይሳሳታል።

እኔ ዛሬ ነገ ሳይባል ካፕ (CAP፣ Common Alerting Protocol)፣ ማለትም ሁሉም የሚጠቀምበት የጋራ የማስጠንቀቂያ ፎርማት፣ ይግባ ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ ነው። አንዴ ይጻፋል፤ አደጋው ምንድን ነው፣ የት ነው፣ ምን ያህል አጣዳፊና ከባድ ነው፣ እስከ መቼ ይቆያል፣ ሰዉስ ምን ያድርግ የሚለው ሁሉ የየራሱ ቦታ አለው፤ ስልኩም ቴሌቪዥኑም ሳይረኑም ከዚያው ያነባሉ። ደስ የሚለው ደግሞ አንድ መልእክት ብዙ ቋንቋ መያዙ ነው፦ በ2017 ዓ.ም. መሬት ሲንቀጠቀጥ በከረመበት ፈንታሌ አካባቢ አፋርኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንዴ ይላካሉ ማለት ነው።

ብቻ ካፕ ኔትወርክ አይተክልም። ሲግናል በሌለበት ቀበሌ አሁንም ድምፅ ማጉያና ሯጭ ሰው ያስፈልጋል።