«ዘ ናይቲንጌል»፦ ሪኮርደርን ከኳየር ጋር ለማስማማት ለሚያስቡ የጅማ መዘምራን

ሪኮርደር ስንል የድምፅ መቅጃውን ማለታችን አይደለም። ከፊቱ ሰባት፣ ከኋላው ለአውራ ጣት አንድ ቀዳዳ ያለው የትንፋሽ መሣሪያ ነው። ከዋሽንት ዋናው ልዩነቱ አነፋፉ ላይ ነው። ዋሽንት ነፊ አየሩን የሚያቀናው በከንፈሩ ስለሆነ ድምፁ ሲሸሽበት ወዲያው ይመልሰዋል። የሪኮርደር አፍ ግን አየሩን የሚመራ ጠባብ መተላለፊያ አለው፤ ከንፈር ሥራ የለውም። ጠንከር አድርገው ሲነፉት ቅኝቱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲያለሰልሱት ይወርዳል። ስለዚህ ከኳየር ጋር በጉልበት መፎካከር አይሆንለትም። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው «ዘ ናይቲንጌል» (የዘማሪ ወፍ ስም ነው) የተባለው አልበም የሚደነቀው ሥራዎቹ ይህን ድክመት አክብረው ስለተጻፉ ነው።

ሪኮርደሩን የምትጫወተው ዴንማርካዊቷ ሚካላ ፔትሪ ናት። ዘማሪዎቹ የዴንማርክ ብሔራዊ ቮካል አንሳምብል፣ በዚህ አልበም መሪያቸው ደግሞ እንግሊዛዊው ስቲቨን ሌይተን ናቸው። ፒያኖም ኦርጋንም የለም።

ምስጢሩ ከፍታው ላይ ነው። የሶፕራኖ ሪኮርደር ዝቅተኛ ድምፅ ወደ 523 ኸርዝ (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ይጠጋል፤ የኳየር ሶፕራኖዎች ግን ብዙውን ጊዜ ከ900 ኸርዝ ብዙም አያልፉም። ሪኮርደሩ ማንም በማይዘምርበት ከፍታ ላይ ሲቀመጥ ሳይጮህ ይሰማል። ወደ ታች ሲወርድ ግን ድምፁ ይሳሳል፤ ያኔ ኳየሩ ካልሳሳለት ይዋጣል። አልበሙን ስትሰሙ ይህንን ተከታተሉ፤ ለኳየር መሪ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የለም።

መጀመሪያ መሰማት ያለበት የአልበሙ ስያሜ የሆነው የላትቪያዊው አቀናባሪ ኡጊስ ፕራውሊንሽ ሥራ ነው። መሠረቱ የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰን የ1843 ተረት ነው፦ ንጉሠ ነገሥቱ፣ እውነተኛዋ ወፍና በመዘውር የምትዘምረው ወፍ። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ሪኮርደሩ ለምን እንደገባ ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም። የስዊድናዊው ዳንኤል ቦርትዝ ሥራ ከበድ ይላል፤ ቃሉ የተወሰደው ከካርል ሊኔ ጽሑፍ ነው። ሊኔ ማለት በ1753 ለቡና «ኮፊያ አራቢካ» የሚለውን ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ሰው ነው፤ በጅማ ጫካ የበቀለውን ቡና የዓረብ ያሰኘው እሱ ነው። የቀሩት ሁለቱ አቀናባሪዎች የፋሮ ደሴቶቹ ሱንለይፍ ራስሙሰንና የዴንማርኩ ፔተር ብሩን ናቸው፤ የኖርዲክ (የሰሜን አውሮፓ አገሮች) ምክር ቤትን የሙዚቃ ሽልማት ራስሙሰን በ2002፣ ብሩን በ2008 ወስደዋል።

አሁን ስለ አሰማሙ። በክረምት በቆርቆሮ ጣራ ሥር ይህን አልበም መክፈት ድካም ብቻ ነው። የዝናቡ ድምፅ መጀመሪያ የሚሸፍነው የሪኮርደሩን ትንፋሽና የዘማሪዎቹን ለስላሳ አጨራረስ ነው። ያን ለመስማት ድምፁን ስትጨምሩ፣ ኳየሩ በድንገት ሲነሣ ስፒከሩ ይሰነጠቃል። የስልክ ስፒከር ቤዞቹን ይበላቸዋል፤ አንድ ሳጥን ብቻ ያለው ብሉቱዝ ስፒከርም ግራና ቀኙን ስለሚደባልቅ ማን ከየት እንደሚዘምር አይለይም። ሽቦ ያለው ተራ ኢርፎን ይበቃል። ቤዝ ማጉያውን ግን አጥፉት።

ጉድለት ከተባለ፣ አልበሙ ለጀማሪ ኳየር መለማመጃ አይሆንም። ድምፆቹ ከአራት በላይ ስለሚከፋፈሉ በጆሮ መልቀም አያዋጣም። የአልበሙን ዘዴ ብቻ መውሰድ ይሻላል፦ አንድ የራሳችሁን መዝሙር በትዝታ ቅኝት፣ በሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ያዙና ሪኮርደሩን ዘማሪዎቹ ትንፋሽ በሚወስዱበት ክፍተት ላይ አስገቡት። ለዚህ የፕላስቲክ ሶፕራኖ ይበቃል፤ ሲገዛ ባሮክ የሚባለው የጣት አቀማመጥ ያለው ይሁን። የጀርመን የሚባለው ኤፍን ያቀልላል፣ ኤፍ ሻርፕ ላይ ግን ያሳጣል። አልቶ ሪኮርደር ከፈለጋችሁ ሁሉም ቀዳዳ ሲዘጋ የሚሰጠው ሲን ሳይሆን ኤፍን መሆኑን አትርሱ፤ በሶፕራኖ የለመደ ተጫዋች ሳያውቀው በሌላ ቅኝት ይነፋል።

ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ኪቦርዱ ነው። ለዘማሪዎች እንዲመች ተብሎ ትራንስፖዝ (ቅኝቱን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው ቁልፍ) አንድ ወይም ሁለት ላይ ተትቶ ይገኛል፤ ሪኮርደር ደግሞ እንዲህ ያለ ቁልፍ የለውም። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ዜሮ ላይ መሆኑን እዩ። የመነሻውን ድምፅም ከሪኮርደሩ ውሰዱ። ያለ መሣሪያ የሚዘምር ኳየር ቀስ በቀስ ይወርዳልና ሪኮርደሩ ከረጅም ዝምታ በኋላ ሲገባ ልዩነቱ ይጋለጣል። የሪኮርደሩን የላይኛውን ክፍል አንድ ሁለት ሚሊሜትር ሳብ ማድረግ ቅኝቱን ያወርደዋል፤ ከተገቢው በላይ ለማውጣት ግን መላ የለም።

በኅዳርና በታኅሣሥ የጅማ ማለዳ ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ ሪኮርደር ዝቅ ብሎ ይጀምራል፤ የትንፋሽ እርጥበትም መተላለፊያው ውስጥ ጤዛ ሠርቶ ድምፁን ያንቀዋል። አሥር ደቂቃ ብብት ሥር ይሙቅ። መሃል ላይ ከታነቀ ከአፉ በታች ያለውን ድምፅ የሚወጣበትን መስኮት በጣት ሸፍኖ አንዴ በኃይል መንፋት ነው፤ በሽቦ ወይም በጨርቅ መጎርጎር አየሩ የሚመታውን የመስኮቱን ስለት ያበላሸዋል። ችግሩ ከተደጋገመ በውኃ የቀጠነ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና በመተላለፊያው አሳልፉና ሳትጠርጉት ይድረቅ፤ ይህ ለፕላስቲኩ ነው።