"ብርቅዬ" ብለው የሚሸጡት የ1932 ወርቅ
ሳንቲሙን ወድጄዋለሁ። ይህን አስቀድሜ የምለው፣ ከታች ብዙ የማማርረው ስለ ሻጮች ስለሆነ ነው።

የገዛሁት በ1932 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የተቀረጸ የአሜሪካ ባለ 10 ዶላር ወርቅ ነው። መጀመሪያ የደወልኩለት ሻጭ፣ ስሙ ይቅር፣ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ስለ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ተረከልኝ። "በ1933 መንግሥት የሕዝቡን ወርቅ ወረሰ፣ የአሰባሳቢ ሳንቲም ግን አልነካም፣ ስለዚህ ጥፍጥፉን ትተህ ይህን ግዛ" ነው ነገሩ። ግማሹ እውነት ነው። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ኤፕሪል 5 ቀን ባወጣው ትእዛዝ ሰው ወርቁን እስከ ሜይ 1 ለባንክ እንዲያስረክብ ተደረገ፣ በአውንስ (31 ግራም ገደማ) 20 ዶላር ከ67 ሳንቲም እየተከፈለው። እስከ 100 ዶላር የሚደርስ የወርቅ ሳንቲም መያዝ ይቻል ነበር፣ ለአሰባሳቢዎች ልዩ ዋጋ ያላቸው ብርቅ ሳንቲሞችም አልተካተቱም። በጃንዋሪ 1934 አውንሱ 35 ዶላር ሲገባ ግን ያስረከበው ሁሉ ጣቱን ነከሰ። ሰውዬው ያልነገረኝ፣ ከ1974 መጨረሻ ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ማንም ሰው የፈለገውን ያህል ወርቅ መያዝ እንደሚችል ነው። በዚያ የድሮ ፍርሃት የወርቁን ዋጋ እጥፍ ሊያስከፍለኝ! ዘጋሁበት።

ደግሞ "ብርቅዬ" ማለቱ። የ1932ቱ ባለ 10 ዶላር 4,463,000 ተቀርጿል፣ ዛሬም እንደ ልብ ይገኛል። ብርቅ የሚባለው የቀጣዩ ዓመት ነው፤ 312,500 ተቀርጾ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መንግሥት አቀለጠው። የተቀረጸውን ብዛት ብቻ አይታችሁም አትፍረዱ፣ ምክንያቱም የ1931ዱ ባለ 20 ዶላር ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ተቀርጾ ሳለ ከማቅለጫው የተረፈው በጣም ጥቂት ነው። የ1933ቱ ባለ 20 ዶላርማ ሌላ ታሪክ ነው፤ በግለሰብ እጅ በሕጋዊ መንገድ የሚገኘው አንድ ብቻ ሲሆን በ2021 በጨረታ ወደ 18.9 ሚሊዮን ዶላር ተሸጧል። እኛ እንግዲህ በፎቶ እንየው።

የእኔን ከሌላ ሻጭ ነው ያገኘሁት። ከወርቁ ዋጋ ትንሽ ከፍ አድርጎ ሸጠልኝ፣ "ብርቅዬ" የሚል ቃልም አልወጣውም። የሳንቲም ደረጃ የሚያወጣ ድርጅት የሰጠው ደረጃ ኤምኤስ 62 ነው፤ ማለትም ገበያ ውስጥ አልተገላበጠም፣ ግን ጭረት አለው። ድርጅቱ ሳንቲሙን ባሸገበት የፕላስቲክ መያዣ ላይ ያለውን ቁጥር በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገብቼ ፎቶውን ከእጄ ካለው ጋር አስተያየሁ። ይህን ሳታደርጉ ገንዘብ እንዳትልኩ፣ የሐሰቱ ብዛት አይጣል ነው።

ሲመጣ መጀመሪያ የገረመኝ ቀለሙ ነው። 10 በመቶው መዳብ ስለሆነ ቀላ ይላል። ስፋቱ 27 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 16.7 ግራም። ባለ ላባ ዘውድ የደፋችው ሴት ጉንጯ ላይ ሁለት ጭረት አለባት፣ አንዱ እስከ አገጯ ወርዷል። ሳንቲሞቹ በከረጢት ታጭቀው እርስ በርስ ሲጋጩ የሚመጣ ነው። ፎቶው ላይ ያን ያህል አይታይም ነበር፣ ለዚህ ግማሽ ነጥብ ቀንሻለሁ።

ሌላው ቅሬታዬ መያዣው ነው። የዚህ ሳንቲም ጠርዝ እንደ ሌሎቹ ጥርስ ጥርስ ያለው ሳይሆን 48 ጎላ ያሉ ከዋክብት የተደረደሩበት ነው፣ እኔም ስገዛው ግማሽ ጉጉቴ እነሱን ማየት ነበር። የመጣው ግን ጠርዙን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን የድሮ ፕላስቲክ ውስጥ ነው! አዲሶቹ መያዣዎች ጠርዙን ያሳያሉ፣ ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ መዶሻውን ሁለቴ አንስቼ መልሻለሁ፤ ከሰበርኩት ደረጃው አብሮ ይሄዳል።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ።