ማቆያ የሌለው የዓይን ጠብታ ሲገዙ የብልቃጡን አፍ ይዩ

«ማቆያ የለውም» የሚለው ጽሑፍ የዓይን ጠብታ ካርቶን ላይ ሁሌም እንደ ጥሩ ነገር ነው የሚነበበው። ማቆያ፣ ማለትም ባክቴሪያ እንዳይራባ የሚጨመር ኬሚካል፣ ያልገባበት ጠብታ ለዓይን የማይጎረብጥ መሆኑ እውነት ነው። ግን ብልቃጡ ከተከፈተ በኋላ ባክቴሪያውን የሚከለክለው ምንድን ነው? መልሱ ያለው መያዣው ላይ ስለሆነ፣ እዚህ የምንመዝነው መድኃኒቱን ሳይሆን ብልቃጡን ነው።

የተለመደው ተጨማቂ የፕላስቲክ ብልቃጥ ጠብታውን ሰጥቶ እጅ ሲላላለት፣ በወጣው ፈሳሽ ልክ አየር ይስባል። ጫፉ ላይ የቀረው እርጥበትም አብሮ ይገባል፤ ጫፉ ሽፋሽፍት ነክቶ ከሆነ ደግሞ እዚያ ያለው ባክቴሪያ ጭምር። ይህን ብልቃጥ የሚያድነው ማቆያው ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ። የአውሮፓ ፋርማኮፒያ (የመድኃኒት ጥራት መስፈርት መጽሐፍ) ለዓይን ጠብታ ያስቀመጠው ዋና መስፈርት ጥብቅ ነው፦ ለሙከራ የተጨመረው ባክቴሪያ በ6 ሰዓት ውስጥ 100 እጥፍ፣ በ24 ሰዓት 1000 እጥፍ መቀነስ፣ በ28ኛው ቀን ደግሞ ጨርሶ አለመገኘት አለበት። ለአጭር ጊዜ ሕክምና ይህ ብልቃጥ በቂ ነው። በቀን ብዙ ጊዜ ለሚጨምር፣ ዓይኑ ለሚደርቅበት ወይም ለዓመታት የግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) ጠብታ ለሚጠቀም ሰው ግን ማቆያው ራሱ የዓይኑን የላይኛ ሽፋን ያስቆጣል።

ትልቁ አደጋ ማቆያው ቀርቶ ብልቃጡ ያው የድሮው ሲሆን ነው። በ2023 አሜሪካ ውስጥ ብዙ መድኃኒቶችን የሚቋቋም ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የሚባል ባክቴሪያ በ18 ግዛቶች 81 ሰዎችን ያዘ። 4 ሞቱ፣ 14 የማየት አቅማቸውን አጡ። ምርመራው ያመራው ወደ ሰው ሠራሽ እንባ ነበር። የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ካነሳቸው ጉድለቶች አንዱ፣ ጠብታው በቂ ማቆያ ሳይኖረው ተደጋግሞ በሚከፈት ብልቃጥ መቅረቡ ነው፤ የረቂቅ ተሕዋስያን ምርመራውም የሚፈለገውን ያህል አልነበረም። ሱዶሞናስ ምግብ የሌለበት በሚመስል ውኃ ውስጥ እንኳ ይራባል፣ ፈሳሹም ጥርት ብሎ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አልደፈረሰም ብሎ መተማመን አይበቃም።

ያለ ማቆያ ደጋግሞ ለመክፈት የተሠሩት ብልቃጦች ሥራውን በተለያየ መንገድ ይሠሩታል። አባክ የሚባለው ጠብታውን 0.2 ማይክሮን (የሚሊሜትር ሺኛ 0.2) ቀዳዳ ባለው ሜምብሬን፣ ማለትም ስስ ማጣሪያ፣ ያሳልፋል፤ ተመልሶ የሚገባው ፈሳሽና አየርም በዚያው ስለሚያልፍ ባክቴሪያው ውጭ ይቀራል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ግን ተበጥብጦ የሚጨመር፣ ያልሟሟ ዱቄት የያዘ መድኃኒት በዚህ ማጣሪያ አያልፍም። የአፕታር ኩባንያ ኦኤስዲ የሚባለው ብልቃጥ ጫፉ ላይ በስፕሪንግ የሚዘጋ ቫልቭ አለው፣ አየሩ ደግሞ በሌላ በኩል ተጣርቶ ይገባል። ኖቬሊያ የወጣው እንዳይመለስ በሚያግድ ቫልቭ ይሠራል፤ አየር የሚያስገባው በሲሊኮን ሜምብሬን ነው። ከሦስቱ ለንጽሕና ይበልጥ የሚያሳምነን ኦኤስዲ ነው፣ ምክንያቱም መዝጊያው መጨረሻው ጫፍ ላይ ስለሆነ ከበስተጀርባው ለውጭ አየር የተጋለጠ ፈሳሽ አይቀርም።

የእነዚህ ብልቃጦች ደካማ ጎን ለመጭመቅ መጠንከራቸው ነው። የጣት መገጣጠሚያ ሕመም ያለበት ሰው ለመጭመቅ ይቸገራል፤ ሲቸገር እጁ ይንቀጠቀጥና ጫፉ ዓይን ይነካል። አዲስ ብልቃጥ የመጀመሪያዋን ጠብታ እስኪሰጥ ብዙ ጊዜ መጫን ይፈልጋል፤ ይህን ያላወቀ «ተበላሽቷል» ብሎ በመርፌ ሊወጋው ይሞክራል። ያን ጊዜ ቫልቩ ያልቅለታል፣ ብልቃጡም መጣል አለበት።

አጠቃቀሙ ላይ ብዙ ሰው የሚዘለው ከጠብታው በኋላ ያለውን ነው። ጫፉ ላይ የቀረችውን እርጥበት በጣት ወይም በጨርቅ አይጥረጉ፤ ብልቃጡን ወደ ታች አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ያራግፉና ይክደኑ። ጫፉ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ካዩ የደረቀ መድኃኒት ነው፤ ተፍቆ ዓይን ውስጥ እንዳይገባ ፋርማሲስት ያሳዩት። ሌላ ጠብታ ካለ 5 ደቂቃ ይጠብቁ። ማቆያ ያለበትን የሚጠቀሙና ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ ያላቸው ደግሞ ሌንሱን አውልቀው ከጨመሩ በኋላ 15 ደቂቃ ይቆዩ።

ባለ አንድ ጊዜ ትንንሾቹ ፕላስቲኮች ከንጽሕና አንጻር ተወዳዳሪ የላቸውም፣ ከፍቶ ጨምሮ መጣል ብቻ ነው። ጠምዝዘው የቆረጡት ጠርዝ ስለት ሊኖረው ስለሚችል ከዓይን ያርቁት። የተረፈውን ለነገ ማስቀመጥ ግን ሙሉ ጥቅሙን ያጠፋዋል፤ ውስጡ ማቆያም ቫልቭም የለም። በቅርቡ የዓይን ቀዶ ጥገና ያደረገ ወይም ኮርኒያው (የዓይኑ የፊት ግልጽ ሽፋን) የቆሰለ ሰው ሐኪሙን ስለዚህ ዓይነት ቢጠይቅ እንመክራለን።

የተከፈተበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። ማቆያ ላለበት ተራ ብልቃጥ የተለመደው ገደብ 28 ቀን ነው፤ ቫልቭና ማጣሪያ ላላቸው በመግለጫው ላይ እስከ 3 ወር፣ አንዳንዴም 6 ወር ተጽፎ ይገኛል። ካርቶኑ ላይ ማቆያ የለውም ተብሎ፣ ስለ ቫልቭ ወይም ማጣሪያ ግን መግለጫው ምንም ካላለ፣ ፋርማሲስቱ አስረግጦ እስኪያስረዳዎ አይግዙት።