የአዳማው ሲቪ ቤት ለበረራ ደህንነት ኢንስፔክተርነት ያዋጣል?

አዳማ ፖስታ ቤት አካባቢ ሲቪ የሚያዘጋጅ፣ ማመልከቻ የሚጽፍ፣ ለቃለ መጠይቅም የሚያለማምድ ቤት አለ። ቅሬታም ስላለኝ ስሙን አልጠራም። እንዲህ ያለ ቤት ደግሞ በየከተማው ስላለ፣ የምለው ለሌላውም ይሠራል።

እኔ የአውሮፕላን ጥገና ቴክኒሺያን ነኝ። ያመለከትኩት ለመንግሥት የበረራ ደህንነት ኢንስፔክተርነት ነው፣ በጥገናው በኩል። ብዙ ሰው ሥራውን ከአደጋ ምርመራ ጋር ያምታታዋል። የአደጋ ምርመራ ለብቻው የቆመ ሥራ ነው። ኢንስፔክተሩ ግን የሚሠራው አደጋው ሳይመጣ ነው። አየር መንገዱም ሆነ የጥገና ድርጅቱ በተሰጠው ፈቃድ ልክ መሥራቱን እየዞረ ያያል። ሰነድ ያገላብጣል። አውሮፕላኑ የቆመበት ድረስ ወርዶ ጎማና ፍሬን ያያል። ጉድለት ካገኘ ይጽፋል፣ እስኪስተካከልም አይለቅም።

ጥቅሉ 1,500 ብር ነው። ሲቪ፣ ማመልከቻና አንድ የቃለ መጠይቅ ልምምድ ይጨምራል። ክፍሉ ጠባብ ነው። የአዳማ ሙቀት ላይ ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ፎቶኮፒ ሲጨመርበት፣ ቬንትሌተሩ የሚያዞረው ያንኑ ትኩስ አየር ነው። መብራት ከሄደ ጄኔሬተር የለም፣ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

የቤቱ ሀብት ጸሐፊዋ ናት። ወጣት ናት፣ ብዙ አታወራም። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ስታይ ቆየችና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ዲፕሎማዎ 1998 ይላል። ላይሰንስዎ 2008 ይላል። አሥር ዓመት ሙሉ ምን ሲሠሩ ነበር?»

ዲፕሎማው በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ላይሰንሱ በፈረንጅ። በመካከል ያለው ሁለት ዓመት ገደማ ብቻ ነው። እሱም ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም አቀፉ ደንብ የጥገና ላይሰንስ ለማውጣት አራት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠየቃል። እውቅና የተሰጠው ሥልጠና የጨረሰ ሰው ቢያንስ በሁለት ዓመት ይወጣለታል። ይህን ሳስረዳት «ታዲያ ማመልከቻ የሚያጣራው ሰው ይህን በምን ያውቃል?» አለችኝና ሁሉንም ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጎን ለጎን አስቀመጠችው። አንድ መቶ ማመልከቻ ፊቱ የተከመረበት ሰው ቁጭ ብሎ ሰባትና ስምንት ዓመት ሊቀንስልኝ አይችልም።

በዚህ አላበቃችም። ከቢሾፍቱ የሚመጡ ቴክኒሺያኖች ሲቪ ጽፋ ስለምታውቅ «በአውሮፕላን ጥገና ሠርቷል» የሚለውን አልተቀበለችኝም። ሠንጠረዥ አወጣች። የአውሮፕላኑ ዓይነት፣ ሞተሩ፣ የሠራሁት ሥራ፣ ከመቼ እስከ መቼ። ዳሽ 8 ኪው 400 በሚለው አውሮፕላን ፊት ለፊት ፒደብሊው 150 ኤ የሚለውን ሞተር አስገባች። «የሠሩትንና ፈርመው የለቀቁትን ይለዩልኝ» አለች። ልክ ናት። ቦልት ማጥበቅና አውሮፕላኑ ለበረራ ብቁ ነው ብሎ መፈረም በኃላፊነት አይገናኙም። ለኢንስፔክተርነት ደግሞ የሚታየው ሁለተኛው ነው። ከሚቆጣጠራቸው ሰዎች ያነሰ ልምድ ያለው ኢንስፔክተር ሃንጋር፣ የአውሮፕላን መጠገኛው አዳራሽ፣ ቢገባ ማን ይሰማዋል?

የግል ድርጅት የሥራ ልምዴ ላይ ግብር የተከፈለበት መሆኑን የሚገልጽ ማስረጃ እንዳልያዝኩም ያየችው እሷ ናት። የመንግሥት ማስታወቂያ ግርጌ ላይ ይህች ዓረፍተ ነገር ሁሌም አለች፣ ስንቱን ሰው ከበር እንደመለሰች ቤት ይቁጠረው።

ወደ ቃለ መጠይቁ አሰልጣኝ ልምጣ። ሱፍ የለበሰ፣ ትሁትና ደስ የሚል ልጅ ነው። ችግሩ ለባንክ ገንዘብ ተቀባይም፣ ለሆቴል እንግዳ ተቀባይም፣ ለእኔም አንድ ትምህርት ነው ያለው። ፈገግ ይበሉ። አይከራከሩ። ድክመትዎን ሲጠይቁዎት «ሥራ አበዛለሁ» ይበሉ። እሺ አልኩና አንድ ጥያቄ እንዲጠይቀኝ እኔው ነገርኩት። ተሳፋሪ ተሳፍሯል፣ መነሻ ሰዓት ደርሷል፣ የአንዱ ጎማ መበላት ከተፈቀደው ገደብ አልፏል፣ የድርጅቱ ኃላፊ ስልክ ደውሎ «ዛሬን እለፈን» ይልሃል። ምን ታደርጋለህ?

«በመግባባት እፈታዋለሁ ይበሉ» አለኝ።

ኧረ ምን መግባባት! ገደቡ መመሪያው ላይ በቁጥር ተቀምጧል። ገጹን ትከፍታለህ፣ ታሳያለህ፣ ትጽፋለህ፣ ጎማው ይቀየራል። በትህትና ይሁን፣ ድምፅ ከፍ ማድረግም አያስፈልግም፤ ግን ድርድር የለውም። ኢንስፔክተር የሚቀጠረው «አይሆንም» እንዲል ነው። ይህ ቤት የሚያሠለጥነው ሰው እንዲወደን ነው። ለሌላ ሥራ ይጠቅም ይሆናል፣ ለዚህ ግን ሰውን ያስጥላል።

በዚያ ላይ የጥያቄ ስብስብ ብሎ በፍላሽ የሰጠኝ ፋይል ከአሜሪካ የተወሰደ ነው። የኤፍኤኤ (የአሜሪካ አቪዬሽን ተቆጣጣሪ) ደንብ ፓርት 121፣ ፓርት 145፣ የኢንስፔክተሮቻቸው የሥራ መደብ 1825 እያለ ይሄዳል። አመልካቹ የአሜሪካ ዜጋ መሆን አለበት የሚል ገጽ ሳይቀር አለበት! እኔ አዳማ ቁጭ ብዬ። ፓርት 145ን ማወቅ አይጎዳም፣ ጥገና ድርጅትን የሚመለከት ነው። ግን ለእኛ ሰው መጀመሪያ መነበብ ያለበት የአገራችን የሲቪል አቪዬሽን አዋጅ ነው። ከዚያ በፈረንጅ የ1944ቱ የቺካጎ ስምምነት፣ የዓለም አቀፍ አቪዬሽን መሠረቱ፣ ይከተላል። 19 አባሪዎች አሉት፣ ለጥገና ሰው አባሪ 1፣ 6፣ 8 እና 19 ይበቃሉ፤ ላይሰንስ፣ የአውሮፕላን ሥራ፣ ለበረራ ብቁነትና የደህንነት አስተዳደር ማለት ናቸው። አይካኦ (ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት) የአገሮችን የቁጥጥር አቅም የሚመዝንባቸውን ስምንት ወሳኝ ነጥቦችም አንብቡ። አራተኛው ብቁ የቴክኒክ ባለሙያ ስለመያዝ ነው፣ እኛን ነው የሚያወራው።

ቅሬታዬን ለአሰልጣኙ ነገርኩት። አልተቆጣም፣ ማስታወሻ ያዘ። ገንዘብ ግን አልቀነሰልኝም።

ስለዚህ ሙሉ ጥቅሉን አትግዙ። ሲቪና ማመልከቻ ብቻ ካላችሁ 600 ብር ነው፣ እሱ ያዋጣል። ለቃለ መጠይቁ በሙያው ያለ አንድ ታላቅ ሰው ፈልጋችሁ ቡና ጋብዙና ያፋጥጣችሁ። ስትሄዱ ጸሐፊዋ መኖሯን ጠይቁ፣ ሌላኛው ጸሐፊ ፈጣን ነው ግን ወረቀት አያነብም። ኦሪጅናሉን ሁሉ ያዙ፣ ፍላሽም አትርሱ። ቅዳሜ ከሰዓት አትሂዱ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚያስተይቡ ተማሪዎች ቤቱን ይሞሉታል።