ጅማ ላይ የተክል ግድግዳና ፏፏቴ ያለው ኩሬ ለምታስቡ፦ እነዚህን ልጆች ሳትጠይቁ አትጀምሩ

በመጀመሪያ እጃችሁ ይባረክ! ይህን የምንጽፈው ሄርማታ በሚገኘው ግቢያችን የተክል ግድግዳ፣ ኩሬና ፏፏቴ ለሰሩልን ሦስት ሰዎች ነው፦ ብየዳውን ለሰራው ልጅ፣ ቧንቧና ኤሌክትሪኩን ለያዘው ወንድማችን፣ ችግኙን አፍልታ ለተከለችው እህታችን። ስማችን በአደባባይ አይውጣ ስላሉ አላወጣንም፤ ስልካቸውን በውስጥ ለጠየቀ ሁሉ እንሰጣለን። «ጎበዞች ናቸው» ብሎ መሄድ ግን ለሚያሰራ ሰው አይጠቅምም። ምን እንደሰሩና ለምን እንደዚያ እንዳደረጉት ብትሰሙ፣ ሌላ ባለሙያ ብትቀጥሩም እንኳ ምን መጠየቅ እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ።

ግድግዳው 4 ሜትር ስፋት፣ 2.40 ሜትር ቁመት አለው። በየ20 ሳንቲሙ አንድ ፖት፣ በረድፍ 20፣ 12 ረድፍ፣ በድምሩ 240 ፖት። አንዱ ፖት ሁለት ሊትር ተኩል አፈር ይይዛል፤ ውሃ ጠጥቶ ሲሞላ ወደ 3 ኪሎ ይሄዳል። ብረቱን ሳንቆጥር 720 ኪሎ ማለት ነው። ብዙ ሰው ይህን ሸክም በብሎኬት አጥር ላይ በቡሎን ያሰቅላል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቡሎኑ የሚነክሰው ስስ ልባሱን ብቻ ነው፤ ሸክሙ ወደ ፊት ሲጎትተው ቀስ በቀስ እየላላ ልስኑን ይዞ ይወጣል። ብየዳው ልጅ ገና ሲያየው «አጥሩ አይሸከምም፣ ብረቱ በራሱ እግር ይቁም» አለ። 40 በ40 ቱቦላሬ አቁሞ፣ እግሮቹን 50 ሳንቲም ጥልቀት ባለው አርማታ ላይ በፕሌት አሰራቸው፤ ከአጥሩ ጋር የተያያዘው ወደ ፊት እንዳይዘነበል ያህል ብቻ ነው። በብረቱና በአጥሩ መካከል 5 ሳንቲም ክፍተት ትቷል፤ አየር ካልዞረበት ልስኑ ረጥቦ ይሻግታል፣ ቀለሙም ይላጣል። የእያንዳንዱ ቱቦላሬ ጫፍ በላሜራ ተደፍኗል። ይህን የሚዘነጋ በያጅ ብዙ ነው፤ ክፍት የቀረ ቱቦ ውሃ እየጠጣ ከውስጥ ይበላና፣ ላዩ ላይ አንቲረስቱ እያብረቀረቀ አንድ ቀን ይታጠፋል።

የተክል ግድግዳ የሚሞተው ግን በብረት ሳይሆን በውሃ ነው፤ ቧንቧ የሰራው ወንድማችን የሚመሰገነውም እዚህ ላይ ነው። ውሃም መብራትም በሚቆራረጥበት ከተማ ግድግዳውን በፓምፕ ላይ ብቻ ማንጠልጠል በበጋ ሁሉንም ማጣት ነው። እሱ 500 ሊትር ሮቶ፣ ከግድግዳው ጫፍ አንድ ሜትር ከፍ አድርጎ በቋሚ ላይ አስቀመጠ፤ ውሃው በራሱ ክብደት ይወርዳል። ለእያንዳንዱ ፖት አንድ ጠብታ ማውጫ አለ፤ በሰዓት 2 ሊትር ይሰጣል። በበጋ ጠዋት 3 ደቂቃ፣ ማታ 3 ደቂቃ ይከፈታል። ለፖቱ 200 ሚሊ ሊትር፣ ለግድግዳው በቀን 48 ሊትር ይደርሳል። ሮቶው አንዴ ከሞላ የከተማው ውሃ አስር ቀን ቢጠፋም ግድ የለም።

እዚህ ላይ የሚበላሽ ነገር አለ። ከሮቶው የሚወርደው ውሃ ላይኛው ረድፍ ላይ ሲደርስ ግፊቱ የአንድ ሜትር ነው፤ ታችኛው ረድፍ ላይ ከሦስት ሜትር በላይ ይሆናል። ስለዚህ ዝም ብለው ከለቀቁት የታችኛው ከላይኛው ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ የሚጠጋ ውሃ ያገኛል፤ ላይ ይጠወልጋል፣ ታች ይበሰብሳል። እሱ ለየረድፉ ትንሽ ቫልቭ አስገብቶ ላይና ታች ጠርሙስ ይዞ በሰዓት እየለካ ሁለቱ እኩል እስኪሞሉ አስተካከላቸው። ዋናው መክፈቻ ሲዘጋ ቧንቧ ውስጥ የቀረው ውሃ ሁሉ ወደ ታች ረድፍ እንዳይፈስም የየረድፉን መስመር ለየብቻ አድርጎታል። የሚከፍተውና የሚዘጋው በባትሪ የሚሰራ ሰዓት ቆጣሪ ነው። ሲገዙ ተጠንቀቁ፤ ገበያ ላይ ያለው ብዙው በውስጡ ጎማ ያለው ዓይነት ሲሆን ከሮቶ የሚመጣ ደካማ ግፊት አይከፍተውም። ውስጡ ያለች ኳስ ዞራ ውሃውን የምትከፍትበትን ዓይነት ጠይቁ። ከሮቶው መውጫ ላይ ማጣሪያ አለ፤ በየወሩ ካልታጠበ ጠብታ ማውጫው በዝቃጭ ይደፈናል። ሶኬት ላይ የሚሰካውን የሜካኒካል ሰዓት ቆጣሪ ግን አትግዙ፤ መብራት ሲጠፋ ቆሞ መብራት ሲመጣ ካቆመበት ስለሚቀጥል ሌሊት ያጠጣል።

አፈሩን ያዘጋጀችው እህታችን ናት። ጅማ ላይ የቡና ገለባ እንደ ልብ ይገኛል ብሎ ትኩሱን ፖት ውስጥ የሚሞላ ሰው አለ፤ ስሩን አቃጥሎ ይገድለዋል። ትኩስ ገለባ ሲብላላ ይሞቃል፣ ውስጡ ያለው ካፌይንና ታኒንም ለጋ ስር ይጎዳል። እሷ የምትጠቀመው ወራት የቆየ፣ ጠቁሮ የጫካ አፈር የሚሸት ኮምፖስት ነው፤ እጅ ሲገባበት ትኩስ ከሆነ ገና ነው ማለት ነው። ቅይጧ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የተነፋ ቀይ አሽ ነው። ቀይ አፈር ብቻውን ፖት ውስጥ ይጠጥራል፣ ውሃውም በጎን ያመልጣል።

ስለ ፀሐይ አንድ ነገር አስተምራናለች። እንደ እኛ ከምድር ወገብ ብዙም በማይርቅ አገር «ሰሜን የሚያይ ግድግዳ ጥላ ነው» ማለት ሙሉ በሙሉ አይሰራም፤ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ የቀትር ፀሐይ ወደ ሰሜን ያዘነብላል። የሚከፋው ግን በበጋ ወደ ደቡብ የሚያይ ግድግዳ ነው። የሚሻለው ወደ ምስራቅ የሚያይ ሲሆን የጠዋት ፀሐይ ብቻ ያገኛል። ላይኛው ረድፎች ላይ ድርቅና የጠዋት ፀሐይ የሚችለውን ስፓይደር ፕላንት፣ መሃል ላይ መኒ ፕላንትና ሲንጎኒየም፣ ታች ፏፏቴው ወደሚረጭበት ፈርንና ቤጎኒያ አደረገች። መኒ ፕላንት ግን ሲታኘክ አፍ ያቃጥላል፤ ሕፃን ካለ እጁ ከማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን።

ኩሬው 2.40 በ1.50፣ ጥልቀቱ 60 ሳንቲም ሲሆን፣ በአንድ በኩል ደንገል የቆመበት 25 ሳንቲም ጥልቀት ያለው ደረጃ አለው። ወደ 1,700 ሊትር ይይዛል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ድንጋይና ስር ተለቅሞ፣ 5 ሳንቲም አሸዋ፣ ላዩ አሮጌ ምንጣፍ፣ ከዚያ ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ሸራ) ተነጠፈ። ልኩን ለመግዛት ርዝመቱም ስፋቱም ላይ የጥልቀቱን እጥፍና ለጠርዝ 60 ሳንቲም ትደምራላችሁ፤ ለዚህ ኩሬ 4.20 በ3.30 ሆኗል። ወደ ቦዬ ረግረግ ወይም ወደ አዌቱ ወንዝ ዳር ላሉ ዝቅተኛ ቦታዎች ልጆቹ ሌላ ነገር ይጨምራሉ፦ ከሸራው ስር ጠጠርና የውሃ ማውጫ ቱቦ። ሐምሌ ላይ የመሬቱ ውሃ ከፍ ሲል ሸራውን ከስር ገፍቶ እንደ ዳቦ ያሳብጠዋል። የአርማታ ኩሬ የምትመርጡ ደግሞ ሲሚንቶው ውሃው ውስጥ ኖራ ስለሚለቅ፣ ሞልቶ ለሳምንት ማቆየትና ማፍሰስ ደጋግማችሁ ካላደረጋችሁ አሳ አይኖርበትም።

ፏፏቴው ከውሃው ወለል 1.20 ከፍ ይላል፤ የሚፈስበት ከንፈር 40 ሳንቲም ነው። ለአንድ ሳንቲም ስፋት በሰዓት 150 ሊትር ሲታሰብ 6,000 ሊትር ይፈልጋል። ሳጥኑ ላይ 6,000 የተጻፈበትን ፓምፕ ብትገዙ ግን ቅር ይላችኋል፤ ቁጥሩ ውሃው ወደ ላይ ምንም ከፍታ ሳይገፋ የተለካ ነው። እነሱ 10,000 የሚለውን አስገዙን፤ ቧንቧውም ኢንች ተኩል ነው። በአንድ ኢንች ይህን ያህል ውሃ መግፋት ፓምፑን በግጭት ብቻ ያደክመዋል። ፓምፑ መሬት ላይ አይተኛም፣ 15 ሳንቲም ከፍ ባለ ድንጋይ ላይ ነው፤ ዝቃጭ እንዳይስብና ቧንቧ ቢፈነዳም ለአሳው ውሃ እንዲተርፍ።

የጥቁር ድንጋዩ ከንፈር በውሃ ልክ ተስተካክሏል፤ ሁለት ሚሊ ሜትር ካዘነበለ ውሃው በአንድ በኩል ይጠራቀማል። ከከንፈሩ ስር በግራይንደር ትንሽ ጎድጓዳ መስመር ተቆርጧል፤ እሱ ባይኖር ውሃው ከድንጋዩ ተጣብቆ ወደ ኋላ ይሄድና ሲወርድ አታዩትም። ከድንጋዮቹ ጀርባም ሸራው ወደ ላይ ታጥፎ ክፍተቱ በፎም ተሞልቷል። «ኩሬዬ ያፈሳል» የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያፈሰው እዚህ ነው። ለማወቅ ፓምፑን አጥፍታችሁ ሌሊቱን ተዉት፤ ውሃው ካልቀነሰ ጥፋቱ ፏፏቴው ላይ ነው፣ ከቀነሰ ግን ሸራው ተቀዷል።

ኤሌክትሪኩ ላይ ድርድር የለም። ገመዱ በኮንዱይት ተቀብሮ፣ 30 ሚሊ አምፔር የሌኬጅ ብሬከር (ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ ራሱ የሚያጠፋ) ተገጥሞ፣ ማብሪያው ከኩሬው ርቆ ነው። «ይህ ይቅርና ዋጋው ይቀንስ» ያለ ደንበኛ ቢመጣ ስራውን አይቀበሉትም፤ ልክ ናቸው።

የወባ ነገር ጅማ ላይ አይረሳም። ትንኝ ከእንቁላል እስከ መብረር እንደ ሙቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃታል፤ ስለዚህ ከግድግዳው ስር ያለው ቦይ ውሃ እንዳይቆምበት ተዳፋት ተሰጥቶታል፣ የግድግዳው ፍሳሽም ኩሬ ውስጥ አይገባም። ማዳበሪያ ያለበት ውሃ ኩሬውን አረንጓዴ ስለሚያደርግ ወደ ጓሮ ይሄዳል። ለዕጭ መብያ ጥቂት አሳ በቂ ነው፤ ቆሮሶ (ቲላፒያ) የምትጨምሩ ከሆነ ቶሎ ስለሚራባ እየቀነሳችሁ ነው፣ የቧንቧ ውሃም ክሎሪኑ እስኪወጣ ሁለት ቀን ይቆይ። እምቦጭ ግን ለጌጥ ብላችሁ እንዳታስገቡ፤ ጎርፍ ከወሰደው ወንዝ ይገባል።

የምንነቅፈው አንድ ነገር አለ፦ ቀጠሮ ላይ ይዘገያሉ፣ በተለይ ብየዳው። ሌላ ሥራ ላይ ሲሆኑ ስልክ አያነሱም፤ ማታ ነው የሚገኙት። ሂሳብ ላይ ግን ቀጥ ያሉ ናቸው፤ የእቃውን ደረሰኝ ለይተው ያመጣሉ፣ ቅድመ ክፍያም የሚጠይቁት ለእቃ ብቻ ነው።

ልትደውሉ ስታስቡ የግድግዳውን ስፋትና ቁመት፣ ወዴት እንደሚያይ፣ ከውሃ መስመርና ከብሬከር ያለውን ርቀት ለክታችሁ ያዙ። ክረምቱ ሲያልቅ ብታስጀምሩ ይሻላል፤ ሐምሌ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ጭቃ ሆኖ ይናዳል። ሲያስረክቡም ፓምፑን አስነስተው፣ ጠብታውን በጠርሙስ ለክተው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ፤ ራሳቸውም ቢሆኑ ሳያሳዩ ቀሪ ክፍያ አይቀበሉም።